አሥራ አራት ሜትር

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ልብ ወለዱ የነበረበት ሁኔታ ይህ ነው። በእጅ የተጻፈው ሦስት መቶ አሥር ገጽ አልቋል። ከሃያ አራቱ ምዕራፎች ሃያ አንዱ ተተይበው ታርመዋል። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ቅዳሜ ዕለት ለታይፒስቷ ተሰጥተዋል። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ጽሑፉን እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚጠብቅ ተናግሯል። ደራሲው፣ ጡረተኛው ዋና ሳጅን ሐዲስ፣ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር አንድ የብሎኬት አጥር ሥር ተንበርክኮ የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ እየጫነ ነበር።

"መንገድ ሊያሰፉብን ነው?" አለች ከሱቋ ደጃፍ የቆመች ሴት።

"አይደለም።"

"ሜትር የያዘ ሰው መጥቶ በሰላም የሄደበት ጊዜ የለም። ምንድን ነው ታዲያ የሚለኩት?"

"ከዚህ አጥር እስከ አስፋልቱ ያለውን ነው። አንድ ሰው በዚህ በኩል ሮጦ ያመልጣል፤ በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ ማወቅ አለብኝ።"

"ማን ነው የሚያመልጠው?"

"መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ነው።"

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። "መጽሐፍ ውስጥ ከሆነማ ደረሰ በሉት፤ ማን ይቆጣጠርዎታል" አለችና ወደ ሱቋ ገባች።

ሐዲስ አርባ ሰባት ሜትር ከሃያ ብሎ በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት ትራፊክ ፖሊስ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን የአደጋ ፕላን በማንሳት ነው ያሳለፈው። ሰው ሲገጭ ወይም መኪና ሲገለበጥ ይጠራል። ሜትሩን ዘርግቶ አስከሬኑ ከአስፋልቱ ጠርዝ፣ ጫማው ከአስከሬኑ፣ ስብርባሪው ከመኪናው ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል፤ የለካውን በወረቀት ላይ ያሰፍራል። ሁሉም ሰው የየራሱን ሲናገር ዳኛው የሚያምነው ያን ወረቀት ነው።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሳው በንዴት ነበር። ስለ ወንጀል የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሲያነብ፣ ባለታሪኩ አዳማ ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሞ ሐይቅ ያያል። ሐዲስ መጽሐፉን ዘግቶ "ይሄ ሰውዬ አዳማን በአውቶቡስ መስኮት እንኳ አላያትም" አላት ሚስቱን። አበዛሽ ከሥራዋ ቀና ሳትል "አንተ ጻፋታ" አለችው።

ጻፋት። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ከራሱ ያመጣው መንገድ የለም። የፖስታ ቤቱን ደረጃዎች ሄዶ ቆጥሯል። ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ወንጂ ማዞሪያ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ሦስት ጊዜ ተሳፍሮ አረጋግጧል። ድርጊቱን ፈጥሯል፤ ካየው የቀየረው ግን የሰዎችን ስም ብቻ ነው።

ሜትሩን እየጠቀለለ ሳለ ስልኩ ጠራ። ታይፒስቷ ዲንቄ ነበረች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ይምጡ። ምዕራፍ ሃያ ሁለት ላይ ቆሜያለሁ።"

"የማይነበብ ቃል አለ?"

"ሁሉም ይነበባል" አለችና ዘጋችው።

የዲንቄ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ሸራ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሐዲስ የመረጣት ስህተት ስለማታበዛ ነው፤ በአምስት ገጽ ሁለት ብትሳሳት ነው። ለስምንት ወር በየሳምንቱ ቅዳሜ የእጅ ጽሑፉን አምጥቶ የተተየበውን ይወስዳል። ሥራዋን በጨዋታ ነበር የምትሠራለት።

"ጋሼ፣ ይቺ መርማሪዎ ሀሴት ሻይ ስታዝ እንኳ ብርጭቆው ከጠረጴዛው ጠርዝ ስንት እንደሚርቅ ታያለች። መቼ ነው የምታፈቅረው?" ብላው ነበር አንድ ቀን።

"ምዕራፍ አሥራ ስድስት ላይ ትንሽ አለ።"

"አየሁት። አንድ አንቀጽ ነው። እሱም የሰውየው ቁመት ነው።"

ዛሬ ጨዋታ አልነበረም። ሐዲስ ሲገባ ሁለት ባለጉዳዮች ማመልከቻ ሊያስጽፉ ቆመው ነበር። "ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ጎረቤት ሞክሩ" ብላ ሸኘቻቸው። ማሽኑ በርቷል። የመስታወቱን በር ዘጋች፤ ወንበር ሰጠችው፤ ከመሳቢያዋ ሁለት ወረቀት አውጥታ ጎን ለጎን አደረገችለት።

በግራ ያለው የእሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ገጽ ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት። ሀሴት በወለንጪቲ መንገድ ሞቶ የተገኘውን ቱፋ የሚባል የሽንኩርት ነጋዴ ጉዳይ እንደገና ስትመረምር፣ የድሮውን የአደጋ ፕላን ታነባለች። አስከሬኑ ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለት ሜትር ከአሥራ አምስት። የግራ ጫማው ከአስከሬኑ አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ። የመብራት ስብርባሪው ስድስት ሜትር ከሰባ። ከውሃ ማስተላለፊያው ቱቦ ሠላሳ ስድስት ሜትር ከሰማንያ።

በቀኝ ያለው የእውነተኛ ፕላን ፎቶ ኮፒ ነው። የጣቢያው ማኅተም አለበት፤ ከማኅተሙ ሥር የሐዲስ ፊርማ። አራቱም ቁጥሮች አንድ ናቸው።

"ስሙን ቱፋ ብለውታል። ልኩ ግን የጀቤሳ ነው" አለች ዲንቄ። "ባለቤቴ ነው።"

ሐዲስ ሁለቱንም ወረቀት ደግሞ አያቸው። ሌላ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አልነበረውም።

"አላወቅሁም። በቤተሰቡ ስም ፕላኑ ላይ የፈረመው ወንድሙ ነበር፤ ኦሊቃ የሚባል።"

"እኔ የሁለት ሳምንት አራስ ነበርኩ። ከቤት አልወጣሁም። በኋላ ወረቀቱን ከኦሊቃ ለምኜ ኮፒ አስደረግሁት። ሰባት ዓመት ሙሉ እየከፈትኩ አየዋለሁ፤ ቁጥሮቹን እንደ ስልክ ቁጥር ነው የማውቃቸው። ትናንት ጽሑፍዎን ስተይብ እጄ ከዓይኔ በፊት አወቃቸው።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ቁጥሮቹን መቀየር ነበረብኝ።"

"የጠራሁዎት ለእሱ አይደለም።" በጣቷ የፕላኑን የታችኛውን መስመር ነካች። "እዚህ ላይ የፍሬን ምልክት አሥራ አራት ሜትር ይላል። ልብ ወለዱ ላይ ግን ቁጥሩ የለም፤ ሀሴት የፍሬኑ ልክ ውሸት መሆኑን ትደርስበታለች። ፕላን አንሺው ሳያይ ነው የጻፈው ትላለች። የትኛው ነው እውነቱ?"

"ልብ ወለድ ነው፣ ዲንቄ።"

"ጋሼ፣ ስምንት ወር ተይቤልዎታለሁ። አንድም የፈጠሩት ልክ የለም። የፖስታ ቤቱን ደረጃ እንኳ ሄደው ነው የቆጠሩት። እዚህ ላይ ሲደርሱ ፈጠርኩ ቢሉኝ እንዴት ልመን?"

ውጭ አንድ ደብዳቤ ጸሐፊ ለአንዲት አሮጊት የጻፈላትን ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር። ሐዲስ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ሐምሌ ነበር" አለ። "ስደርስ ዝናብ ከጣለ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። አራቱን ልኮች ራሴ ለካሁ፤ እነሱ ትክክል ናቸው። የፍሬኑን ምልክት ፈለግሁ፤ አስፋልቱ ታጥቧል፤ ምንም አይታይም። የሾፌሩ ረዳት መጣና እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ 'ከዚህ ጀምሮ ነው ፍሬን የያዘው' አለኝ። ከእግሩ ጀምሬ እስከ መኪናው ለካሁ። አሥራ አራት ሜትር መጣ።"

"የረዳቱን እግር ነው የለኩት?"

"አዎ። 'በዝናብ ምክንያት አልታየም' ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። በዚያ ወር ባዶ ቦታ አለባቸው ተብለው ሁለት ፕላኖች ተመልሰውብኝ ነበር። ሦስተኛ እንዲመለስብኝ አልፈለግሁም። ምክንያቱ ይሄው ነው፤ ሌላ የለም።"

"ታዲያ ያዘ ወይስ አልያዘም?"

"አላውቅም።"

ዲንቄ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አደረገች። ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም። "ያዘ ቢሉኝ እተኛለሁ። አልያዘም ቢሉኝም የማደርገውን አውቃለሁ። አላውቅም የሚለውን ምን ላድርገው?"

ከዚያ ሐዲስ የማያውቀውን ነገረችው። አደጋው በደረሰ በወሩ የሾፌሩ የኑሬ ቤተሰብ እርቅ ለመለመን እርጥብ ሣር ይዞ ወለንጪቲ መጣ። ኦሊቃ ሁለት ጊዜ መለሳቸው። በሦስተኛው ሽማግሌው ኦቦ መርዳሳ ይሄን ፕላን ከፍ አድርገው ያዙት። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ፍሬን አይዝም፤ ይሄ አሥራ አራት ሜትር ሙሉ ወንድምህን ሊያተርፍ ታግሏል አሉት። ኦሊቃ ያን ጊዜ ሣሩን ተቀበለ። ደሙ ታረቀ። ከዚያ ወዲህ ኑሬ ዘመድ ሆነ። የዲንቄን ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው። ያን ጊዜ አራስ የነበረው ልጅ አጎቴ ነው የሚለው።

"እሑድ ለትልቋ ልጄ ለሶረቲ ሽማግሌ ይመጣል" አለች ዲንቄ። "የሚቀበለው አባት ነው። ኦሊቃ ራሱ ኑሬ በወንድሜ ወንበር ይቀመጥ ብሏል። አሁን ላስቀምጠው ወይስ አልፈልግም ልበል?"

"ለምን ራሱን አትጠይቂውም?"

"አልችልም። የታረቀ ደም አይነሳም። ያነሳ ሰው እርቁን አፈረሰ ማለት ነው፤ እኔም ኦሊቃም ምለናል። እርስዎ ግን አልማሉም።"

ሐዲስ የምትለው ገባው። ባርኔጣውን አነሳ። "የት ነው የሚገኘው?"

"ዛሬ ከሞጆ ይመለሳል። ወንጂ መንገድ ላይ ያለው ጎሚስታ ጋ አያጡትም። በስሜ ግን አይሂዱ።"

ባጃጅ ይዞ ሄደ። አቧራው በንፋስ ተነስቶ የመንገዱን ማዶ ሸፍኖት ነበር። ሐዲስ በልማዱ የኪሎ ሜትሩን ድንጋዮች ቆጠረ፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ መቁጠሩን አቆመ።

ኑሬ አይሱዙው የኋላ ጎማው ወልቆ በክሪክ እንደተሰቀለ፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ጺሙ ሸብቷል።

"አካም ጅርተ" ብሎ ሰላምታ ሰጠው ሐዲስ።

"ነጋ፤ ፈያ። ጭነት ኖሮዎት ነው?"

"አይደለም። ሐዲስ እባላለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት ወለንጪቲ መንገድ ላይ ፕላን ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

ኑሬ ጎሚስታውን በኦሮምኛ ሻይ ጠጥቶ እንዲመጣ ነገረው። ሰውየው ከሄደ በኋላ "ይቀመጡ" አለው። ሐዲስ ጎማው ላይ ተቀመጠ።

"ፕላኑ ላይ ስህተት አለ። የፍሬኑን ምልክት አላየሁም፤ ረዳትህ በእግሩ ካሳየኝ ቦታ ነው የለካሁት። ያን የሚያርም ወረቀት ጽፌ ዛሬ ለጣቢያው እሰጣለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ማን ላከዎት?"

"ስህተቱ የእኔ ነው።"

"ሰባት ዓመት ዝም ብለው ዛሬ ምን አስነሳዎት?"

"መጽሐፍ ጻፍኩ።"

"ምን አሉ?"

"መጽሐፍ፤ ልብ ወለድ። ነገሩን እዚያ ውስጥ በሌላ ሰው ስም ደበቅሁት። ተገኘብኝ።"

ኑሬ በአፍንጫው አጭር ሳቅ ሳቀ። ደስ ያለው ሰው ሳቅ አልነበረም። "እርስዎስ መጽሐፍ አለዎት" አለ። "እኔ የት ልደብቀው?"

ሳጥኑን ወደ ሐዲስ አስጠጋ።

"ያን ቀን ስልክ ጠራ" አለ ኑሬ። "ጭነቱን የሚቀበለኝ ሰውዬ ነው። ስልኩ ከወንበሩ ወደ ወለሉ ወደቀ፤ ጎንበስ አልኩ። ድምፁን ነው የሰማሁት። ፍሬን የረገጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ረዳቴ አዝኖልኝ ነው ያን ያለው፤ እኔ በል አላልኩትም።"

"ሲናገር ግን ሰማኸው።"

"ሰማሁ። ኦቦ መርዳሳ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሥራ አራት ሜትር ሲሉም ሰማሁ። አይደለም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ ሣሩን ይዛ አጠገቤ ተንበርክካለች። ዘጋሁት።" እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እጁ ንጹህ ነበር። "ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ ገዛሁ፣ አጥር አጠርኩ፤ ልጁን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ። ሁሌም ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው። ሁሌም ግን አንድ ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ዲንቄ ታውቃለች?"

"እኔ እንደማላውቅ ታውቃለች።"

"አሁን ግን አውቀዋል።"

"አዎ።"

"ይነግሯታል?"

ሐዲስ መልሱን በመንገድ ላይ ሳለ አስቦበት ነበር። "ያላየሁትን ጽፌ ነው እዚህ የደረስነው። እኔ የምናገረው ያየሁትንና ያላየሁትን ነው። መኪናው ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ።"

ኑሬ ተነስቶ ክሪኩን አየ። ምንም አልነካም። "ቅዳሜ ኦቦ መርዳሳ ጋ እሄዳለሁ" አለ። "ከእሑድ በፊት። እርስዎም ይምጡ። ብቻዬን ብናገር፣ መልሼ እዘጋው ይሆናል።"

ሐዲስ በዚያው ቀን ከሰዓት ወረቀቱን በእጁ ጻፈ። ስምንት መስመር ነው። የፍሬን ምልክት በዝናብ ምክንያት አለመታየቱን፣ አሥራ አራት ሜትር የተባለው በረዳቱ ቃል መለካቱን፣ ይህንንም በወቅቱ ያልገለጸው በራሱ ጥፋት መሆኑን ይላል። ለአበዛሽ አነበበላት።

"ጡረታህን ቢነኩብህስ?"

"ሊነኩ ይችላሉ።"

"ቢነኩት ልብ ወለዱን እያነበብን እንቀመጣለን" አለች። ሲወጣ ግን የደንብ ልብስ ይለብስ በነበረ ጊዜ ታደርግ እንደነበረው ኮሌታውን አስተካከለችለት። ጣቢያው ወረቀቱን ተቀብሎ ቀን መታበት፤ ስንፈልግህ እንጠራሃለን አሉት።

ቅዳሜ ወለንጪቲ፣ ኦቦ መርዳሳ ግቢ ውስጥ ካለው ግራር ሥር አምስት ሰዎች ተቀመጡ፤ ሽማግሌው፣ ኦሊቃ፣ ዲንቄ፣ ኑሬና ሐዲስ። ሐዲስ አስቀድሞ ተናገረ። አራት ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ቀጥሎ ኑሬ ተናገረ፤ ስልኩን፣ መጎንበሱን፣ ድምፁን። በመካከል ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለት ጊዜም ቀጠለ። ዲንቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ኦቦ መርዳሳ በሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። በኦሮምኛ የጀመሩትን ለሐዲስ ሲሉ በአማርኛ ጨረሱት። "ያን ጊዜ ያስታረቅሁት በአሥራ አራት ሜትር ነው። እኔም ሳላይ ነው ከፍ ያደረግሁት፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ዛሬ ሜትሩ የለም። ያለው ይሄ ሰው ነው። ምን ትላለህ፣ ኦሊቃ?"

ኦሊቃ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

"ቆርቆሮውን ስንመታ መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ ነኝ" አለው ኑሬን። "ከላይ ሆነህ ልትነግረኝ አልቻልክም?"

"አልቻልኩም።"

"ያን ጊዜ ብትነግረኝ ሣሩን አልቀበልህም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አሁን መልሼ ልጥለው አልችልም። ልጁ አጎቴ ይልሃል።" ወደ ሽማግሌው ዞረ። "እርቁ ይቆያል። ነገም ይምጣ። በወንድሜ ወንበር ግን አይቀመጥ።" ቀጥሎ ዓይኑ ሐዲስ ላይ አረፈ። "አንተስ፣ ሳጅን? የእሱን እርቅ ሽማግሌ ያያል። ያንተን ማን ያያል?"

"ወረቀቱን ለጣቢያው ሰጥቻለሁ። የሚሉኝን እየጠበቅሁ ነው።"

"ጠብቅ" አለ ኦሊቃ። "መጠበቅ እኛም እናውቃለን።"

ሲወጡ ዲንቄ እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። ሚኒባስ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆሙ።

"ልብ ወለዱ ላይ ሾፌሩ ሆን ብሎ ነው የገጨው" አለች። "ተከፍሎት።"

"ያ የእኔ ፈጠራ ነው። መጽሐፉ ገዳይ ያስፈልገው ነበር።"

"እዚህ አገር ያን ፕላን ያላየ የለም። ዓመት ሙሉ ከእጅ እጅ ሲዞር ነበር። መጽሐፍዎ ሲወጣ ቁጥሮቹን ያዩና ኑሬን ነው ይላሉ። እሱ ስልክ ሊያነሳ ጎንበስ ያለ ሰው ነው፤ ነፍሰ ገዳይ አይደለም።"

"ምዕራፉን አወጣዋለሁ።"

"አያውጡት። ያለ እሱ ሀሴት ምን ይዛ ትመረምራለች? ልኩን ብቻ ይቀይሩ።"

"ሌላ ልክ የለኝም፣ ዲንቄ።"

"ይፍጠሩዋ" አለችው። "ደራሲ አይደሉም እንዴ?"

ሰኞ ጠዋት ሐዲስ ጽሕፈት ቤቷ ሲደርስ ሦስት ባለጉዳዮች ወረፋ ይዘው ነበር፤ ዛሬ ማንንም አልመለሰችም። ተራው እስኪደርስ ከደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ሸራ ሥር ጠበቀ። ሲገባ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እሷ ሆነች።

"መጡ። ስድስት ሰዎች። በጀቤሳ ወንበር ማንም አልተቀመጠም፤ ኦሊቃ ከጎኑ ሆኖ ተቀበላቸው። ኑሬ ከበሩ አጠገብ፣ ከልጁ ጋር ነበር።"

"ሶረቲስ?"

"ነገርኳት። አንድ ቀን ሙሉ አላነጋገረችኝም። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ለኑሬ እጁን ያስታጠበችው እሷ ናት። ያስታጠበችው ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ ነው። የመጨረሻ አደረገችው።" ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። "ለምዕራፍ ሃያ ሁለት ምን አመጡልኝ?"

ሐዲስ ገጹን ከፖስታው አወጣ። ትናንት ከምሳ በኋላ እስከ አመሻሽ ተቀምጦበት ነበር። ሦስት ጊዜ ሜትሩን ይዞ ከቤት ሊወጣ ተነስቷል፤ ሦስቴም ተመልሶ ተቀምጧል። ዲንቄ ተቀብላ አነበበችና መተየብ ጀመረች። በገጽ ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት ላይ አራት ልኮች በአንድ አንድ መስመር ተሰርዘው፣ ከላያቸው ሌሎች አራት ተጽፈዋል። ከአዲሶቹ አንዱም በየትኛውም መንገድ ላይ ተለክቶ አያውቅም።